በሣጥን ውስጥ የቀረች ደብተር

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ ያልሰማ ሰው በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። የሰማነውን ያህል ግን አልሠራንበትም። አንድ ሽማግሌ ባረፈ ጊዜ በየቤታችን የሚሆነውን ልብ ብለን እንመልከት። ልብሱ ለነዳያን ይታደላል፤ ቤቱና ዕቃው በወራሾች መካከል ይከፈላል፤ ከአልጋው ሥር ካለው ሣጥን የተገኘችው አሮጌ ደብተር ግን ጠያቂ የላትም። ጠርዟን አይጥ የቀመሰው፥ ቀለሟ የደበዘዘ፥ ጽሕፈቷም ለማንበብ የሚያስቸግር ስለ ሆነ፥ ወይ ከጥራጊ ጋራ ትቃጠላለች፥ ወይም ወደ ሱቅ ሄዳ የበርበሬ መጠቅለያ ትሆናለች። ጥቂት ዓመት ቈይቶ ከልጅ ልጆቹ አንዱ፥ «የአያቴ አባት ማን ይባል ነበር? የትስ ተወለደ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። መልሱ የነበረበት ወረቀት ግን በርበሬ ተጠቅልሎበት ሄዷል።

በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለዚህች ደብተር ነው። የዘር ሐረጋቸውን ለማወቅ የሚሹ ሰዎች ከርሷ ምን ሊያገኙ እንደሚችሉ፥ ስታሳስታቸውም እንዴት ሊያውቁባት እንደሚገባ በአጭሩ እንገልጻለን።

ቀድሞ የትውልድ ቈጠራ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አልነበረም። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቍጠር ግድ ነበር፤ ለርስትም እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቍጠር ግድ ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ የርስቱ ሙግት ቀረ፤ ከርሱም ጋራ የመቍጠሩ ልማድ ደከመ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቤተ ሰብ በጦርነትና በስደት ተበተነ። ዛሬ ከአንድ አያት የተወለዱ ልጆች አንዱ በደብረ ማርቆስ፥ አንዱ በአዲስ አበባ፥ አንዱ በዋሽንግተን፥ አንዱ በቤይሩት ይኖራሉ። ተገናኝተውም የማይተዋወቁ አሉ። ሰባት ቤት የሚቈጥርላቸው ሽማግሌ ሲያልፍ፥ የሚቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ደብተሪቱ ምን ትመስላለች

በአውሮፓ አገር የዕለት ማስታወሻ ሲባል ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ማታ ማታ ውሎውንና ሐሳቡን የሚጽፍበት መጽሐፍ ማለት ነው። የኛ አባቶች ማስታወሻ እንዲህ ያለ አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ የሚገኘው በዳዊት ወይም በውዳሴ ማርያም መጽሐፍ መጀመሪያና መጨረሻ፥ ባዶ በቀረው ቅጠል ላይ ነው። በዚያ ላይ የልጆች ልደት፥ ክርስትና፥ የወላጆች ዕረፍት፥ አንዳንድ ጊዜም የውል ነገር ይጻፋል። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሚገኙ በሺህ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፥ እንዲህ ያለው የኅዳግ ጽሑፍም አብሮ ተነሥቷል። ስለዚህ መጽሐፉን የገልባጭ ሥራ ነው ብለን ስንዘጋው፥ የቤተ ሰቡን ታሪክ አብረን ዘጋነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የሒሳብ ደብተር ነው። ይህ ደረቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚታመን እርሱ ነው፤ ሰው ስለ ዘሩ ሊመካ ይችላል፥ ስለ ገዛው ጨው ግን የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። «ለእናቴ ተዝካር ለበሬ መግዣ ይህን ያህል ብር» የሚል አንድ መሥመር ቢገኝ፥ ተዝካሩ በአርባኛው ቀን የተደገሰ ከሆነ አርባ ቀን ወደ ኋላ በመቍጠር የእናቲቱን ዕረፍት ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን ድግሱ በሰማንያ፥ በመንፈቅ፥ በሙት ዓመት ወይም በሰባት ዓመት ሊሆን ስለሚችል፥ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፥ በደብተሩ ቅጠሎች መካከል የገቡት ብጫቂ ወረቀቶች ናቸው፤ የግብር ደረሰኝ፥ የጋብቻ ውል፥ ከዘመቻ የተላከ ደብዳቤ። እነዚህ ከተገኙበት ገጽ ተነሥተው መበተን የለባቸውም። ጸሐፊው በዚያ ገጽ ላይ ያኖራቸው ያለ ምክንያት አይሆንም።

ቀኑን ስለ ማረጋገጥ

በቃል የሚቈጠር ሐረግ ስም ይሰጣል፥ ዘመን ግን አይሰጥም። የደብተሪቱ ትልቁ ስጦታ ዘመን ነው። የሚያስቸግረው፥ አባቶች ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረቱን ሳይጽፉ የወንጌላዊውን ስም ብቻ ጽፈው ማለፋቸው ነው። «በዘመነ ዮሐንስ» ብሎ ለጸሐፊው ይበቃዋል፤ ለኛ ግን አይበቃንም፥ ዘመነ ዮሐንስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳልና።

ስለዚህ ጥቂት ባሕረ ሐሳብ ማወቅ ይጠቅማል። ሥራው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመርና ለ4 ይካፈላል። 1 ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፥ 2 ከተረፈ ማርቆስ፥ 3 ከተረፈ ሉቃስ፥ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ይህ የቍጥር ስሕተትንም ያርማል። በግዕዝ አኃዝ ፮ና ፯ በደበዘዘ ቀለም ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አንድ ልደት በ1886 ወይም በ1887 መሆኑ ቢያጠራጥር፥ ጸሐፊው «ዘመነ ሉቃስ» ብሎ እንደ ሆነ ነገሩ አለቀ፤ 1886 ማርቆስ ነው፥ 1887 ግን ሉቃስ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ቤት ውስጥ፥ «አያታችን የተወለዱት የዓድዋ ለት ነው» እየተባለ ይነገራል እንበል። በዳዊቱ መጨረሻ ደግሞ፥ «በዘመነ ዮሐንስ የካቲት 23 ቀን፥ በዕለተ እሑድ፥ አበቅቴ 25፥ ልጄ ተወለደ» የሚል ተጽፎ ይገኛል። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መደረጉ የታወቀ ነው፤ ዕለቱም እሑድ ነበር፥ ዘመኑም ዮሐንስ ነበር። እንግዲህ የቃሉና የጽሑፉ ምስክርነት አንድ የሆነ ይመስላል። ቤተ ሰቡም ደስ ብሎት ደብተሩን ሊዘጋ ይችላል።

ነገር ግን አንድ ቀን ከነወንጌላዊውና ከነዕለቱ በ28 ዓመት አንድ ጊዜ ይመለሳል። የካቲት 23 ቀን በዘመነ ዮሐንስ እሑድ የዋለው በ1888 ብቻ ሳይሆን፥ በ1916ም፥ በ1944ም ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ የምትለየው ያቺ ማንም ልብ የማይላት «አበቅቴ 25» የምትለው ቃል ናት። አበቅቴን ለማግኘት 5500 የተደመረበትን ዓመት ለ19 አካፍሎ፥ ከተረፈው አንድ ቀንሶ፥ በ11 አባዝቶ፥ እንደ ገና ለ30 ማካፈል ነው፤ የሚተርፈው አበቅቴ ነው። በዚህ መንገድ ሲሰላ የ1888 አበቅቴ 15፥ የ1916 አበቅቴ 25፥ የ1944 አበቅቴ 4 ይሆናል። እንግዲህ አያት የተወለዱት በዓድዋ ጦርነት ለት ሳይሆን፥ ከ28 ዓመት በኋላ በመታሰቢያው ቀን በ1916 ዓ.ም. ነው።

የ28 ዓመት ልዩነት ቀላል ነገር አይምሰለን፤ አንድ ሙሉ ትውልድ ነው። በ1888 የተወለደ ሰው በማይጨው ዘመቻ በ1928 ዓ.ም. የአርባ ዓመት ጐልማሳ ነው፤ በ1916 የተወለደ ግን የ12 ዓመት ልጅ ነው። ስለ ማይጨው በቤቱ የሚወራው ታሪክ እንግዲህ የአያት ሳይሆን የቅድመ አያት ሊሆን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሥር ተቀብረው ኖረዋል ማለት ነው። ቤተ ሰቡ አልዋሸም፤ «የዓድዋ ለት ተወለዱ» የሚለው ቃል እውነት ነበር፤ ቀኑ ቀረ፥ ዓመቱ ግን ጠፋ።

በቀን ላይ ሌሎችም ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ። «ለጊዮርጊስ አጥቢያ» የሚል ጽሑፍ በ23 ዋዜማ ሌሊቱን ማለት ስለ ሆነ፥ ዕለቱን በመቍጠር ላይ የአንድ ቀን ልዩነት ያመጣል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለሚነሡ፥ የክርስትናው ቀን ብቻ ተጽፎ ቢገኝ ልደቱን ከርሱ ማውጣት ይቻላል። ሁለቱም ቀኖች ከተገኙ ደግሞ የሕፃኑን ጾታ ይነግሩናል። «ሙሉ» የሚባል ሕፃን መስከረም 1 ቀን ተወልዶ ጥቅምት 10 ክርስትና ከተነሣ ወንድ ነው፤ ኅዳር 20 ከሆነ ግን ሴት ናት።

ቀን ሳይጻፍ በትልልቅ ነገር ብቻ የሚታሰብም ብዙ ነው። «በክፉ ቀን» ከተባለ ከ1880 ዓ.ም. በኋላ የከብት እልቂቱና ረኃቡ የጸናበት ዘመን ነው። «በኅዳር በሽታ» ከተባለ 1911 ዓ.ም. ነው። «በሰገሌ» ከተባለ ጥቅምት 1909 ዓ.ም. ነው። በጠላት ወረራ ጊዜ የተሰጠ የጣሊያን ወረቀት በደብተሩ መካከል ቢገኝ፥ ከአውሮፓው ዓመት አጠገብ በሮማውያን አኃዝ የተጻፈ ሌላ ቍጥር ይታይበታል። ይህ ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቈጠሩት የራሳቸው ዘመን ነው። 15 የሚል ቢሆን ከጥቅምት 1936 እስከ ጥቅምት 1937 እ.ኤ.አ. ማለት ነው።

ስምና ማዕርግ

አገራችን የቤተ ሰብ መጠሪያ ስም የላትም፤ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል። ከዚህም በላይ አንድ ሰው በዕድሜው ብዙ ስም አለው። የዓለም ስም አለው፤ የክርስትና ስም አለው፤ ወታደር ከሆነ የፈረስ ስም አለው። ለሁሉም የታወቀ ምሳሌ ልስጥ። ልጅ ተፈሪ መኰንን፥ ኃይለ ሥላሴ፥ አባ ጠቅል፤ እነዚህን ሦስት ስሞች በሦስት ልዩ ልዩ ደብተር ያገኘ የውጭ አገር ሰው፥ ሦስት ሰዎች ናቸው ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ለንጉሥ የተደረገው ለተራው ሰውም ይደረጋል። አባ እገሌ እየተባለ በደብዳቤ የሚጠራው ሰውና በዳዊቱ ላይ ገብረ እገሌ ተብሎ የተጻፈው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ።

በሴቶች በኩል ነገሩ ይብሳል። በአንዳንድ አገር ሙሽራዪቱ ወደ ባልዋ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። እንግዲህ በአባቷ ቤት ደብተር በአንድ ስም፥ በባልዋ ቤት ደብተር በሌላ ስም ትጻፋለች። ብዙ ሐረግ የሚቈረጠው በዚህ ነው። ወለተ ወይም አመተ የሚል የክርስትና ስሟ በሁለቱም ቦታ ስለማይለወጥ፥ ሁለቱን ቤት የሚያገናኘው ድልድይ እርሱ ነው። አማራው ደግሞ ርስቱንም ዘሩንም በአባትም በእናትም ስለሚቈጥር፥ የእናትን ወገን የዘለለ ሐረግ ግማሽ ሐረግ ነው።

ማዕርግም ዘመን ይነግራል። ሰው ግራዝማች ከተባለ በኋላ ቀኛዝማች፥ ከዚያም ፊታውራሪ ይባላል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ቀን ያልተጻፈባቸው ሁለት ደብዳቤዎች ቢገኙ፥ «ግራዝማች» ብሎ የሚጠራው «ፊታውራሪ» ከሚለው ይቀድማል። ከታወቁ ሹማምንት ወገን የሆነ ሰው ከሆነ ደግሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙትን «የሕይወት ታሪክ»፥ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያወጡትን «ዝክረ ነገር» ማመሳከር ይገባል።

«ልጄ» ማለት ማን ነው

ከቀንና ከስም ቀጥሎ ተመራማሪውን የሚያሳስተው የዝምድና ቃል ነው። «ልጄ» ብሎ የጻፈ ሰው የወለደውን ልጅ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ የጡት ልጁን፥ የክርስትና ልጁን፥ ወይም የእንጀራ ልጁንም ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ወንድሜ» የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል። «አባባ» ብሎ የጠራው አያቱን፥ «እናቴ» ያለው ያሳደገችውን አክስቱን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዲት ቃል ብቻ ይዞ ሐረግ መሳብ አይገባም። ያው ሰው በሌላ ገጽ እንዴት ተጠርቷል? ርስት ሲከፈል ድርሻ ደርሶታል? በተዝካር ጊዜ ከልጆች ጋራ አዋጥቷል? እነዚህ ጥያቄዎች ይመለሱ።

በዚህ ክፍል ዝም ብለን የማናልፈው አንድ ከባድ ነገር አለ። በብዙ የትልልቅ ሰዎች ደብተር ውስጥ ያለ አባት ስም፥ በመጠሪያ ስም ብቻ የተጻፉ ሰዎች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ከዕቃ ጋራ በዋጋ ተቈጥረዋል። እነዚህ ባሮች ናቸው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ፈጽሞ ቢሻርም፥ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ እነርሱም እንደኛው «ከየት መጣን?» ብለው ይጠይቃሉ። ለነርሱ ከዚያች ደብተር በቀር ምንም ወረቀት ላይኖራቸው ይችላል። ያንን ገጽ ለቤቱ ክብር ብሎ የሚቀድ ሰው የራሱን ነውር የሸፈነ ይመስለዋል፤ የሠራው ግን የሌላውን ሰው ብቸኛ የዘር ሐረግ መቍረጥ ነው። ከጋብቻ ውጭ ስለ ተወለደ ልጅ የተጻፈውም እንደዚሁ ነው። በአደባባይ ማንበብ ሌላ ነገር ነው፤ መቅደድ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ያየውና የሰማው

ደብተሪቱ ምስክር ናት እንጂ ዳኛ አይደለችም። ምስክር ሲቀርብ ዳኛ፥ «ይህን አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብሎ እንደሚጠይቅ፥ እኛም ደብተሪቱን እንጠይቃት። ልጁ በተወለደ በሳምንቱ የተጻፈ ልደትና ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ስለ ራሱ ልደት የጻፈው እኩል አይደሉም። ቀለሙንና የእጁን ጽሕፈት ማየት ይረዳል። ስምንት ልጆች በአንድ ቀለም፥ በአንድ እጅ፥ በአንድ መቀመጫ ተጽፈው ከተገኙ፥ ቀኖቹ በየጊዜው የተመዘገቡ ሳይሆኑ በኋላ ከትዝታ የተጻፉ ናቸው። ቀለሙ የሚለያይ ከሆነ ግን በየጊዜው ለመጻፉ ምልክት ነው።

ትልልቆቹ ጸሐፊዎቻችን ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ትዝታ «ካየሁትና ከሰማሁት» ይላል። የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ መጽሐፍ ደግሞ «ካየሁትና ከማስታውሰው» የሚል ስም አለው። እነዚህም ሆኑ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ለኅትመት የበቁት ጸሐፊዎቹ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጽሑፉን ጠብቆ ያቈየ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ አንዱንም አናነበውም ነበር።

ለምን ዓላማ እንደ ተጻፈም መመርመር ያስፈልጋል። ለርስት ሙግት የተዘጋጀ ሐረግ ከዳኛ ፊት ለማሸነፍ የተጻፈ ነው። በዚያ ላይ ስም የማይጠቅም አባት ይዘለላል፥ ስም ያለው አባት ይጨመራል። ይህን ለመያዝ ቀላል መንገድ አለ። ለአንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት እየሰጡ መቍጠር ነው። ሁለት መቶ ዓመት በሦስት ስም ብቻ ከተሞላ በመካከሉ የተዘለለ ሰው አለ ማለት ነው።

ደብተር ያለ ሽማግሌ፥ ሽማግሌም ያለ ደብተር እንደማይበቃ ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ወርቅነህ ገና ሕፃን ሳሉ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀ በኋላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገብተው ወደ ሕንድ ተወሰዱ። ካሳደጓቸውና ካስተማሯቸው ከሁለት ኮሎኔሎች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፤ ሐኪምም ሆኑ። ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው። የእናት አገራቸውን ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ ዘራቸውን የሚመሰክር ወረቀትም በእጃቸው አልነበረም። ማንነታቸው የታወቀው አያታቸው በሕይወት ቈይተው በአካላቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አይተው ስለ ለዩዋቸው ነው። አያቲቱ ጥቂት ዓመት ቀድመው ቢያርፉ ኖሮ፥ ሐኪሙ ቻርልስ ማርቲን እንደ ተባሉ በቀሩ ነበር።

የታሪኩ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ይህ ነው። ሐኪም ወርቅነህ የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ነበራቸው። እርሳቸው በ1945 ዓ.ም. ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ ፒተር ጋሬትሰን የተባሉት የታሪክ ምሁር በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ከዚሁ ማስታወሻ ብዙ ወስዷል። እንግዲህ ሰውየውን ለወገኖቻቸው የመለሰቻቸው የአያት ዓይን ናት፤ ለኛ ያቈየቻቸው ግን የራሳቸው ብዕር ናት። አንዷ ያለ ሌላዋ ግማሽ ታሪክ ነበረች።

ስለዚህ ደብተር ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መዝገብ ቤት ሳይሆን ወደ ቤተ ሰቡ ትልቅ ሰው ነው። ሲሄድም፥ «ታሪክ ይንገሩኝ» ብሎ በጅምላ አይጠይቅ። ገጹን ያንብብላቸውና፥ «እዚህ ላይ የተጻፈችው ወለተ ማርያም ማን ናት?» ይበል። ዝም ብለው የነበሩ ሽማግሌ አንድ ስም ሲሰሙ አሥር ስም ያወጣሉ። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት የሰሙትን መዝግበው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው ማሳተማቸው ለዚህ መልካም አርአያ ነው። ዛሬ ድምፅ መቅረጫ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ስላለ፥ ምክንያት የለንም።

ደብተሪቱ እንዴት ትያዝ

በመጨረሻ ስለ አያያዝ ጥቂት ልበል። ደብተሪቱን በቅጠል ቈጥሮ ለወራሾች ማካፈል የሚባል ነገር አይደረግ። ከአንድ ሰው ዘንድ በሽማግሌ ፊት ትቀመጥ፤ ለሌሎቹ ፎቶግራፏ ይድረስ። ፎቶግራፉ በቀን ብርሃን፥ ከሽፋን እስከ ሽፋን፥ ባዶው ገጽ ሳይቀር በተራ ይነሣ። የተቀደደውን በሚለጠፍ ፕላስተር መጠገን፥ የደበዘዘውን በእስክርቢቶ ማድመቅ፥ ቅጠሉን በፕላስቲክ ማሸግ የመድኃኒት መልክ ያለው መርዝ ነው። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ጢስና እርጥበት ከማይደርስበት ቦታ ማኖር ይበቃል።

ሲገለበጥ፥ የጸሐፊው ስሕተትም ሳይታረም እንዳለ ይገልበጥ። የራሳችን ግምት በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ፊደል ለማያነቡ በውጭ አገር ላደጉ ልጆች ትርጕም ቢዘጋጅ መልካም ነው፤ የአማርኛው ግልባጭ ግን ከትርጕሙ አይለይ፤ ስም በሌላ አገር ፊደል ሲጻፍ መልኩን ይለውጣልና። ቤተ ሰቡ ሊጠብቃት የማይችል ከሆነ፥ በአዲስ አበባ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም በዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሰዎችን ማማከር ይቻላል።

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ ቀድሞ ስለ ተጻፈው ነው። በብዙ ቤት ግን ደብተር የለም፤ አልተጻፈም፥ ወይም ጠፍቷል። እንዲህ ያለው ቤት ዛሬ ይጀምር። የአምስት ሳንቲም ነገር ነው ሊባል የሚችል አንድ ደብተር ገዝቶ፥ የእናትና የአባትን፥ የአራቱን አያቶችና የስምንቱን ቅድመ አያቶች ስም የሚያውቀውን ያህል ይጻፍ፤ ከዓለም ስም ጋራ የክርስትና ስም፥ ከቀን ጋራ ዓመተ ምሕረት፥ ከአገር ስም ጋራ የደብሩን ስም ይጨምር። ያየውን «አየሁ»፥ የሰማውን «ከእገሌ ሰማሁ» ብሎ ይለይ። የማያውቀውን ስፍራ ባዶ ይተወው እንጂ በግምት አይሙላው፤ ባዶው ስፍራ ነገ የሚሞላው ሰው ያገኛል፥ በሐሰት የተሞላው ግን ማንም አይመለስበትም።

ከስምንቱ ቅድመ አያቶቹ ስንቱን በስም ለመጻፍ እንደ ቻለ አንባቢ ራሱን ይፈትን። ከጐደሉት ስሞች አንዱን የሚያውቁ ሽማግሌ በሕይወት ካሉ፥ የሚመጣውን በዓል ሳይጠብቅ በዚህ ሳምንት ይጠይቃቸው።